መብራት አጥፍቼ የተመሰገንኩበት ዓርብ

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ግድግዳና በዚያ ግድግዳ ላይ ስለዘረጋሁት የብረት ቱቦ ነው። ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ቀትር ላይ ሲሆን ያለቀው በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት ነው። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩትን ጠባይ ያስለወጠኝ ግን ያ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ከወገራ ወደ መተማ ቆላ የወረድኩት እንደ ብዙው የደጋ ልጅ ሰሊጥ ለማረም ነው። አጨዳው አልቆ ጓደኞቼ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እኔ ሸሕዲ ቀረሁ። ከገላባት እየተሻገረ የሚሠራ አንድ ሱዳናዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰላል የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ አገኘኝ። የእሱ አማርኛ ጥቂት ነበር፤ የእኔ ዓረብኛ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ስለዚህ ሙያውን የተማርኩት በዓይኔ ነው። ሽቦ ሲልጥ አይቼ ላጥኩ፤ ቱቦ ሲያጥፍ አይቼ አጠፍኩ፤ ከቆጣሪው ሳጥን አጠገብ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ሲቀብር አይቼ እኔም ቀበርኩ። ዘንጉ ለምን እንደሚቀበር አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀውም የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም። እሱ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ሠራሁ።

በሥራዬ እኮራ ነበር። የቆላው ክረምት ብረት ይበላል። ስለዚህ ቱቦዎቼን ከመግጠሜ በፊት አንድ በአንድ ጸረ ዝገት ቀብቼ፣ በላዩ ላይ የብር ቀለም እደርብበታለሁ። ጫፉን፣ ጥርሱን፣ የሚታሰርበትን ዳዶ ሳይቀር እቀባለሁ። ሳጥኑንም በውስጥም በውጭም እቀባዋለሁ። ሁሉም ሲደርቅ እገጥማለሁ። በሸሕዲ ገበያ "የታከለ ቱቦ በሩቅ ያበራል" ይባል ነበር። ሌሎች ሠራተኞች የዛገ ቱቦ ገጥመው ሲሄዱ ሳይ በልቤ እፈርድባቸው ነበር።

ቤቴንም የምመራው እንዲሁ ነበር። ልጄ ስመኝ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ፣ ስልክ ስትነካካ እንዳትውል ብዬ ሰሊጥ ለቀማ አስገባኋት። ጥያቄ ስታበዛብኝ "የታዘዝሽውን አድርጊ" እላት ነበር። ይህን የምጽፈው ልመሰገንበት ብዬ አይደለም።

መጋዘኑ ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ባለቤቱ ጀማል ይባላል፤ እኔ መሰላል ስይዝ እሱ ሳሙናና ባትሪ በትከሻው እየተሸከመ ሲያዞር የተዋወቅን ሰዎች ነን። በዚያ ዓመት አዲስ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን አስገባ። መስመሩን የዘረጋሁለት እኔ ነኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰደቃ አብልቶ ማሽኑን ሊያስነሳ ቀጠሮ ይዟል። ጫኝና አውራጆች፣ ለቃሚ ሴቶች፣ ከድንበሩ የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ተጠርተዋል።

ከዋናው ሳጥን የሚወጣው ቱቦ በውጭ ግድግዳው ላይ በሰው ደረት ከፍታ ሃያ ሜትር ያህል ይሄድና ወደ ማሽኑ ይገባል። ከቱቦው ሥር፣ በዚያው ግድግዳ፣ የውኃ ቧንቧዎች ተደርድረዋል። ለሶላት የሚታጠበውም፣ ከሥራ ወጥቶ አቧራውን የሚያራግፈውም እዚያ ነው። ሰው አንድ እግሩን አንስቶ ሲታጠብ እንዳይወድቅ የሚይዘው የእኔን ቱቦ ነው። ስዘረጋው ይህን አስቤ፣ እንዲያውም መደገፊያ ይሆናቸዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ የመጋዘኑ ዘበኛ ሼህ ኑሩ ለሶላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ማሽኑ ሥር ተኝቼ ቡሎን ሳጠብቅ ጠሩኝ።

"ታከለ፣ ይቺ ቱቦህ እጅ ትነሳለች።"

"ምን አሉ ሼህ?"

"ስይዛት እጄን ትነካካኛለች። ሰላምታ መሰለኝና ወዓለይኩም ሰላም ብያታለሁ።"

አጠገባቸው ጀሪካን የሚሞላ አዱኛ የሚባል ጎጃሜ ጫኝ ነበር። "ሼህ፣ ባል ፈልጋ እንዳይሆን፤ እንዲህ ተኳኩላ ቆማ" አለ። ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በሥራዬ ሲቀለድ አልወድም ነበር።

ኃይል ስትነካ የምትበራውን ቴስተሬን ከኪሴ አውጥቼ ሄድኩና በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ሦስት ቦታ አስነካኋት። አልበራችም። በመዳፌም ያዝኩት፤ ምንም አልተሰማኝም። እንደ ሁልጊዜው ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርጌ ነበር።

"ይኸው፣ ምንም የለበትም" አልኳቸው። "አንቱ ቁርስ ሳይበሉ ውለው ነው። እጅዎ ደንዝዞ ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ ሼህ ኑሩ። "ዕድሜ ነው እንግዲህ።" ሳይከራከሩኝ ታጥበው ወደ ሶላታቸው ሄዱ። እኔም ወደ ቡሎኔ ተመለስኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የለቃሚዎቹ የምሳ ሰዓት ደረሰ። በዚያው መጋዘን የምትለቅመው ስመኝ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። ፀጉሯ ላይ የሰሊጥ ገለባ ተነስንሷል። ጫማዋን አውልቃ፣ በእጇ አንጠልጥላ፣ በረጠበው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ወደ ቧንቧው ሄደች። ግራ እጇን ወደ ቱቦው ስትዘረጋ አየኋት።

"ስመኝ፣ አትንኪው" ብዬ ጮኽኩ።

ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ እጇን እንደዘረጋች ቆመች።

"ምነው አባየ?"

"አትንኪው አልኩሽ።"

"ቅድም ለሼህ ኑሩ ምንም የለበትም ስትላቸው ከውስጥ ሰምቻለሁ እኮ።"

"የታዘዝሽውን አድርጊ።"

"እሺ፣ አልነካም። ግን ለእሳቸው ምንም ያልሆነው ነገር ለእኔ ሲሆን ምን ሆነ?"

ቡሎን መፍቻውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ ተጠራጥሮ ኖሯል፤ አፌ ግን ለሽማግሌው ደህና ነው ብሏል። የሌላ ሰው አባት ሲይዘው ዝም ያልኩትን ቱቦ፣ ልጄ ልትይዘው ስትል ጮኽኩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ገሥጫለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ የገሠጸኝ ግን የለም። ልጅቱ ደግሞ ልትገሥጸኝ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ብቻ ጠየቀችኝ።

ሼህ ኑሩ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ "የት ቦታ ነው የያዙት?" አልኳቸው።

ጣታቸውን ቀሰሩ። ጀሪካን እየታከከው የብር ቀለሙ የተላጠበት፣ ጥቁሩ ብረት የወጣበት ቦታ ነበር። በባርኔጣዬ ፀሐዩን ከልዬ ቴስተሯን እዚያ ላይ አስነካኋት። በራች። ያኔ ገባኝ፤ ቅድም ያስነካኋት ብረቱን ሳይሆን ቀለሙን ነው።

ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁ። ሰው እንዳይደርስ በቧንቧዎቹ ፊት ለፊት ጆንያ አስደረደርኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ ቱቦውን ነክቷል፤ ይህ የታወቀ ነው። ብሬከሩ ግን ለምን አልወረደም? ሽቦ ብረት ሲነካ ወርዶ መስመሩን መዝጋት ያለበት እሱ ነው። ሁለት ሜትር ዘንግም ቀብሬያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማመንኩት በዚያ ዘንግ ነው።

የምጠይቀው ሰው አጠገቤ ስላልነበረ አምፖል ጠየቅሁ። ባለ መቶ ዋት አምፖል አምጥቼ በሁለት ረጅም ሽቦ አሰርኩ። ወደ ማሽኑ የሚሄደውን መስመር ነጠልኩና አንዱን ጫፍ ከሳጥኑ ውስጥ ኃይል ካለበት ቦታ አገናኘሁ። ሌላውን ጫፍ፣ የሚናከስ መቆንጠጫ ያለውን፣ ኃይሉ ከሚመለስበት ሽቦ፣ ከኒውትራሉ ጋር አስያዝኩ። አምፖሉ ቦግ አለ። ከዚያ መቆንጠጫውን አንስቼ የመሬት ዘንጉን አስያዝኩት። አምፖሉ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ቀላ።

ስመኝ አጎንብሳ አየችው። "በርቷል ወይስ አልበራም?" አለች።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ውስጥ ክንድ ይገባል። ዘንጌ የቆመው ከግማሽ በላይ በአየር ውስጥ ነው። አንድ አምፖል በቅጡ ማብራት ያቃተው መሬት ብሬከር እንዴት ሊያወርድ ነው?

መቆንጠጫውን ወደ ቱቦው ወሰድኩና የተላጠውን ቦታ አስያዝኩት። አምፖሉ ጭራሽ አልበራም። ከሳጥኑ ጋር በዳዶ አጥብቄ ያሰርኩት ቱቦ ነው፤ ዘንጉም ከሳጥኑ ጋር ታስሯል። ሳጥኑን አስያዝኩ፤ አሁንም ጨለማ። ተናድጄ ስጎትተው የመቆንጠጫው ጥርስ የሳጥኑን ቀለም ጫረው። አምፖሉ ብልጭ አለ።

ሁለታችንም ያንን ጭረት አየነው።

"ቀለሙ ነው የከለከለው?" አለች ስመኝ።

"ቀለሙ ነው" አልኳት። ለልጄ በሥራዬ ስህተት አለ ብዬ ስነግራት ያ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሙያውን የማያውቅ አንባቢም ይገባዋል። ከሽቦው ያመለጠ ኤሌክትሪክ በቱቦው ብረት ሮጦ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑም ወደ ኒውትራሉ በአንድ ጊዜ ከጎረፈ፣ ብሬከሩ ያን ጎርፍ አይቶ ይወርዳል። ያ መንገድ ብረት ከብረት ጋር የተነካካ መሆን አለበት። እኔ ግን በየመገጣጠሚያው ቀለም አስገብቼበታለሁ። ዳዶዬን ስንት ዓመት ያጠበቅሁት ከብረት ጋር ሳይሆን ከቀለም ጋር ኖሯል። መንገድ ያጣው ኃይል ቱቦው ላይ ተቀምጦ ባዶ እግሩን የሚመጣ ሰው ይጠብቃል።

ጀማል ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ጆንያውን አይቶ "ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"ጀማል፣ ሥራዬ ተበላሽቷል። ቱቦው ሰው ይገድላል። እንደገና ልሠራው ነው።"

ሳቀ። "አንተ ደግሞ ቀልድ ከመቼ ወዲህ ጀመርክ?"

"አልቀለድኩም።"

"ትናንት ሲሞከር ማሽኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ። ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ደህና ሲሆንማ ይሠራል። ችግር ሲመጣ ነው የሚከዳው።"

"ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ነገ አገሩን ሁሉ ጠርቻለሁ። ሁለት በሬ ታስሯል። ማሽኑን እናስነሳና ቅዳሜ ትፈታዋለህ። ማንም ያወቀ የለም።"

"ሼህ ኑሩ ያውቃሉ። ከእኔ በፊት ነው ያወቁት። ዛሬ ሽቦው ቱቦውን የነካው በአቧራ ውስጥ ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው የነካካቸው እንጂ ያልጣላቸው። ማሽኑ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው ያ አቧራ ይረግፋል። ነገ ከጁምዓ በፊት እዚህ የሚታጠበው ማን ነው?"

ቃል ብቻ እንዳይሆንበት "ና እይ" አልኩት። ሰው ሁሉ ርቆ እንዲቆም አደረግሁ። ኃይሉን አጥፍቼ፣ በአንድ ብሬከር በኩል የሚመጣ ሽቦ ከቱቦው ጋር በቀጥታ አሰርኩና ብሬከሩን አነሳሁት። መውረድ ነበረበት። እንደተነሳ ቀረ። የአምፖሉን አንድ ጫፍ አሁን ወደ ኒውትራሉ አዛውሬ፣ መቆንጠጫውን በረጅም እንጨት ወደ ቱቦው ሳስጠጋው አምፖሉ ግቢውን የሚያበራ ብርሃን ሰጠ።

"ታየህ?" አልኩት። "ቱቦው ሙሉ ኃይል ተሸክሟል። ብሬከሩ ግን ምንም አልሰማም።"

ጀማል አምፖሉን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና "እዚያ የሚታጠቡት የሚስቴ አባት ናቸው፤ ወንድሞቼ ናቸው" አለ። ቀጥሎም "ኸላስ፣ በቃ። ምን ያስፈልግሃል?"

"ሞረድ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ወፍራም የመዳብ ሽቦ። እና የሚፍቁ እጆች።"

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ሌላም ያፈርኩበትን ነገር አደረግሁ። ጎንደር የቴክኒክ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ስልክ ካገኘሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ አንድም ቀን ደውዬለት አላውቅም። ደወልኩ። አምፖሉ ያሳየኝን በተራ ነገርኩት።

"መልሱን እኮ ራስህ አግኝተኸዋል" አለኝ። "አሁን ልብ በል። ኒውትራሉን ከሳጥኑ አካል ጋር የምታስረው በዋናው፣ በመጀመሪያው ሳጥን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አትድገመው። ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ዙሪያውን እስከ ብረቱ ፍቀው። በዳዶው ብቻ ደግሞ አትተማመን፤ ከቱቦው ወደ ሳጥኑ ወፍራም ሽቦ እሰር።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ይህን ከዚህ በፊት ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"ኮርቼ ነው" አልኩት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ፀሐይ እስክትገባ ፈታን፣ ፋቅን። ጫኞቹ ረዱን፤ ለቃሚዎቹም ረዱን። የብር ቀለሜ እንደ ዓሣ ቅርፊት መሬት ላይ ረገፈ። አዱኛ የሽቦ ብሩሹን እያሽከረከረ "ሙሽራይቱን ኩሏን አስለቀቅናት" አለ። በዚህኛው እኔም ፈገግ አልኩ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተመለስን። የተላጠውን ሽቦ ያገኘነው ቱቦው ወደ ማሽኑ በሚገባበት ጫፍ ነው። ቱቦውን በመጋዝ ስቆርጥ የውስጡን ከንፈር በሞረድ አላለሰለስኩትም ነበር፤ እንደ ቢላ የሰላው ጠርዝ የሽቦውን ልብስ ቆርጦታል። ያንን ያደረገው እጄ ነው፤ የማሳብብበት ሰው የለኝም። ጠርዙን አለሰለስኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ አፉ ላይ የጎማ ቀለበት ገጠምኩ። ከዚያ ብረት ከብረት ጋር ገጠምኩ። በየመገጣጠሚያው ከቱቦው ወደ ሳጥኑ የመዳብ ሽቦ አሰርኩ። በዋናው ሳጥን ውስጥ አካሉን፣ ዘንጉንና ኒውትራሉን አንድ ላይ አገናኘሁ። ስመኝ እያንዳንዱን ዳዶ እኔ ካጠበቅሁት በኋላ እየዞረች ደግማ ሞከረችው። አንዱ ላልቶ አገኘችው። "ይኸኛው" አለች፤ መጥቼ አጠበቅሁት።

ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። ግቢው በሰው ሞልቷል። የሚጠበቀው መብራቱ እንዲበራ ነው። እኔ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ወደ ኋላ ራቁ። መብራቱ ከጠፋ ሥራው ተሳክቷል፤ ካልጠፋ ማሽኑ ዛሬ አይነሳም" አልኩ።

"ኢንጅነሩ ሌሊት አልተኛም መሰለኝ" አለ አንድ ሾፌር ከኋላ።

ኃይሉን አጥፍቼ፣ ያንኑ የትናንቱን ሽቦ ከሳጥኑ ርቆ ከቱቦው መጨረሻ ጫፍ ጋር አሰርኩ። ሃያ ሜትር ቱቦ፣ ሰባት መገጣጠሚያ። አንዱ እንኳ ውሸት ከሆነ ብሬከሩ እንደ ትናንቱ ዝም ይላል። የግቢውን መብራቶች አበራሁ። ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ፣ የብሬከሩን ምላስ ወደ ላይ ገፋሁት።

ጧ።

ምላሱ ከጣቴ አምልጦ ወረደ፤ መብራቱም ሁሉ አብሮ ጠፋ።

"በቃ፣ አቃጠለው" አለ አዱኛ በሐዘን።

እኔ ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ስመኝ አጠገቧ ወዳለችው ጓደኛዋ ዞራ "አባየ ሲስቅ እንዲህ ነው ማለት ነው?" ስትል ሰማኋት።

እንደገና ሞከርኩ። ጧ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ጧ። በሦስተኛው ላይ ጀማል ነገሩ ገብቶት ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ጫኞቹ፣ ከዚያ ለቃሚዎቹ አጨበጨቡ። መብራት በመጥፋቱ የተጨበጨበለት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በዚህ ቆላ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሼህ ኑሩን ፈልጌ ፊታቸው ቆምኩ። "ሼህ፣ ትናንት እውነቱን ነገሩኝ፤ እኔ ደግሞ እጅዎ ነው ብዬ መለስኩዎት። በሰው ፊት ነው የመለስኩዎት፣ በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅዎ።"

"ዓፉ ብያለሁ" አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ጨመሩ፦ "ቁርስ ግን እውነትም አልበላሁም ነበር።"

የሞከርኩበትን ሽቦ ፈታሁ፣ መስመሩን መለስኩ። ሰዉ እየተደገፈ ታጠበ፣ ሰገደ፣ በላ። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እኔ መዳፌን ቱቦው ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር።

አሁን እናንተን አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልበላችሁ። የማልወደው ሰው ቢኖር ስህተቱን ሲያገኝ በአንድ ቦታ ብቻ የሚያርም ነው። እኔ ያንን የቀለም ጥፋት የሠራሁት በጀማል መጋዘን ብቻ አልነበረም። ተቀምጬ ስቆጥር ሌሎች አሥራ አንድ ቦታዎች ወጡ። ወደ ሁሉም ሄድኩ። "ሥራዬ ስህተት አለበት፤ ላርመው መጥቻለሁ" ማለት አፍን ያደርቃል። መተማ ዮሐንስ ያለ አንድ ባለ ሱቅ "እስከ ዛሬ ስታታልለኝ ነበር ማለት ነው?" አለኝ። "ሳላውቅ ነው፤ ግን አዎ" አልኩት። አሳረመኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም። እውነቱን ነው፣ አልፈርድበትም። ከእሱ ሌላ የጠሩኝ ግን ከበፊቱ በዙ።

እናንተም በየሙያችሁ፣ እጃችሁ የለመደውን አንድ ነገር ይዛችሁ "ይህን ለምንድን ነው የማደርገው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ሲደረግ አይቼ" ብቻ ከሆነ እዚያ ላይ ቁሙ። የሚያስጠነቅቃችሁ ሰው የተማረ ላይሆን ይችላል፤ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ልጃችሁም ልትሆን ትችላለች። እኔ "የታዘዝሽውን አድርጊ" ማለት ትቻለሁ። ትቻለሁ ስል፣ አንዳንዴ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ። ስመኝ ዛሬ ጎንደር ነርስነት ትማራለች። ስትደውልልኝ የምትጠይቀኝ ጥያቄ ብዙ ነው፤ የማላውቀውን አላውቅም እላታለሁ። የብር ቀለምም አሁንም እቀባለሁ። ሁሉ ታስሮ፣ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው የምቀባው።

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ካረምኳቸው ቦታዎች አንዱ ኮኪት ያለ ወፍጮ ቤት ነው። በሚቀጥለው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ባለ ወፍጮው ተቆጥቶ ደወለልኝ። "አንተ የነካካኸው ብሬከር ከጠዋት ጀምሮ አልነሳ አለኝ። ባነሳው ይወርዳል። ሰው ተሰልፏል" አለ።

"አታንሳው፤ መጣሁ" አልኩት።

በሚኒባስ ደረስኩ። ዝናቡ ጣሪያውን አፍስሶ ውኃ ቱቦው ውስጥ ገብቷል፤ ሽቦው ተቃጥሎ ከቱቦው ብረት ጋር ተጣብቋል፤ ብሬከሩ አልነሳ ያለው ለዚህ ነው። በዚያው ግድግዳ ሥር፣ ጭቃ ላይ፣ ማሽላዋን አስቀምጣ ተራ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ልጅ አዝላለች። ጀርባዋን ሰጥታ ቱቦውን ተደግፋለች፤ የልጁ ባዶ እግር በጎኗ ወጥቶ ቱቦውን ይመታል።

መሣሪያዬን አየችና "አንተ ነህ መብራቱን ያጠፋኸው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተገትሬ ዋልኩ። ልጁም ራበው። ምናለ ሥራችሁን በደንብ ብትሠሩ?"

ልጁ ቱቦውን አንዴ በተረከዙ መታና ሳቀብኝ።

"ልክ ነሽ" አልኳት። "ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፤ ቶሎ እሠራልሻለሁ።"